ማንበብ የማትችል ልጅ ተፈለገች

«ቀስ ብለሽ አንብቢ፤ ደግሞ ተሳሳቺ» አለቻት ማዳም ራንዳ የሩሃማን ፀጉር ከግንባሯ ላይ እየመለሰች። «ያኒ፣ ማለቴ፣ ፊደሉ የሚያስቸግርሽ ምሰዪ።»

ሩሃማ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቤሩት ተወልዳ ቤሩት ያደገች ናት፤ አረብኛም ፈረንሳይኛም ሳትደናቀፍ ታነባለች። እሁድ እሁድ ዶራ ሰፈር ባለው የኪራይ አዳራሽ፣ ለምእመናኑ የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ የምታነበውም እሷ ናት። አሁን ግን ፋናር ሰፈር፣ ማዳም ራንዳ ሳሎን ውስጥ፣ ካሜራ ፊት ተቀምጣ ማንበብ የማትችል ልጅ ሁኚ ተብላለች።

ማዳም ራንዳ ልጇ በምትማርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናት። ኮሚቴው ማንበብ ለሚከብዳቸው ተማሪዎች ጽሑፍ የሚያነብላቸው ኮምፒውተር ሊገዛ ገንዘብ ያሰባስባል። በዚያ የካቲት በሊባኖስ የገንዘብ ቀውስ ከባንክ ዶላር ማውጣት ጭንቅ ስለነበር፣ ፓሪስና ሞንትሪያል ላሉ ዘመዶች የሚላክ ቪዲዮ አስፈለገ። ቪዲዮው ደግሞ የሚያሳዝን ልጅ ይፈልጋል። በትምህርት ቤቱ እንዲህ ያሉ አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ፤ የእኔን ልጅ አሳዩ ያለ ወላጅ ግን አንድም አልተገኘም። ከሁሉም ቀድማ በልቧ የእኔ አትታይም ያለችው ራሷ ማዳም ራንዳ ናት። ልጇ ያራ በአሥራ ሦስት ዓመቷ አንድ አንቀጽ ለመጨረስ ላብ ያጠምቃታል። ከቤተሰቡ ሌላ ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዷ ቤቱን የምታጸዳው የሩሃማ እናት ንግስት፣ ሌላዋ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷን ልታግዝ ስትመጣ ኩሽና ውስጥ ተደብቃ ለያራ የቤት ሥራዋን የምታነብላት ሩሃማ።

እናም የሠራተኛዋ ልጅ ታሰበች። ጥቁር ፊት ለማሳዘን ይመቻል። ይህን ማንም ባይነግራትም ሩሃማ ገብቷታል። በልጇ አፍራ የሰው ልጅ የምትዋስ ሴት፣ በጣቶቿ ሁሉ ቀለበት ደርድራ ስለ ድሆች ስታወራ መስማት ያቅለሸልሻታል።

እናቷ ጠዋት ቫን ውስጥ ስትለምናት ነበር የመጡት። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በመጋቢት ያበቃል፤ የምትፈርምላት ማዳም ራንዳ ናት። አንድ ደቂቃ ነው፣ ታነቢና ኸላስ፣ በቃ፣ እንሄዳለን ብላት ነበር።

ካሜራ የያዘው ወጣት በእጁ ምልክት ሰጠ።

ሩሃማ ወረቀቱን አየች፤ ቀና ብላ ማዳምን አየች። ተሳሳቺ ካልሽኝማ አሳይሻለሁ አለች በልቧ።

አመልካች ጣቷን ከመስመሩ ሥር አስገባች። ግራ ዓይኗን ጨፈን አደረገች። የመጀመሪያውን ቃል ከመሃሉ ያዘችና ወደ ኋላ ጎተተችው፤ ከንፈሯን ነከሰች፤ መጨረሻ ላይ በግምት ሌላ ቃል ተናግራ፣ ስህተቷን ለመሸፈን አጭር ሳል ሳለች። አንዱም የራሷ ፈጠራ አልነበረም። ጣቱም፣ ዓይኑም፣ ሳሉም የያራ ነው።

ወጣቱ በጣም ወደደው። የማዳም ራንዳ ፊት ግን አመድ መሰለ። ሩሃማ ያን ፊት ስታይ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ዘወር ስትል ያራን አየች። የጭማቂ ትሪ ይዛ ኮሪደሩ አፍ ላይ ቆማለች። ትሪውን ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ክፍሏ ገብታ ቆለፈች።

ሩሃማ፣ አሁን እናትየው ተነስታ ልጇን ትከተላለች ብላ ጠበቀች። ማዳም ራንዳ ግን የሶፋውን ትራስ አስተካከለች።

«ሜርሲ ሸሪ፣ የኔ ቆንጆ፣ ጥሩ ነበር» አለች። «ሳሉን ብቻ ተዪውና አንዴ ድገሚው።»

ሩሃማ ወረቀቱን አጠፈችው። ሴትዮዋን ለመምታት የወረወረችው ድንጋይ ማን ላይ እንዳረፈ አሁን ገና ነው የገባት። ወጣቱን የቀረጸውን እንዲያጠፋው ጠየቀችው። ወጣቱ ማዳምን አየ፤ ማዳምም የያራን ሳል የያዘ ማስረጃ እንዲቀመጥ ስላልፈለገች ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ተሰረዘ።

«እኔ ማንበብ እችላለሁ» አለች ሩሃማ። «ኮምፒውተሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ተጽፎ ከመጣ በደንብ አነበዋለሁ። ይሄን ግን አልደግመውም።»

ማዳም ራንዳ ወደ ኩሽናው በር ዞረች፤ ሠራተኛዋ ልጇን እንድትገሥጽ መፈለጓ ነው። ንግስት እጇ እንደረጠበ እዚያ ቆማ ነበር። ማዳምን አላየቻትም። የተዘጋውን የያራን በር ስታይ ቆየችና በአማርኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«የኢቃማውን ነገር ለእኔ ተዪው። አንቺ ወደ ልጅቷ ሂጂ።»

ሩሃማ ትሪውን ተሻግራ ኮሪደሩን ዘለቀች። አንኳኳች፤ በሩ አልተከፈተም። ቀልድ ነበር ማለት ትችላለች። እናትሽ አስገድዳኝ ነው ማለትም ትችላለች፤ ያራ ታምናታለች። በሩ ሥር ቁጭ አለች።

«ያራ፣ አንቺን ነው ያስመሰልኩት» አለች። «አውቄ ነው።»