የሳማው ባልዲ

«ድመት ሞቶባችኋል» አሉ ጎረቤቷ ኪራ ስታማቲያ፣ ሁለቱን በረንዳዎች በሚለየው ብረት ላይ ተደግፈው፣ አፍንጫቸውን በመሀረብ ይዘው። «ሐዘን ላይ ናችሁ ብዬ ሦስት ቀን ዝም አልኩ።»

«ድመት የለንም» አለች ሌሞኒያ።

«ታዲያ የሚሸተው ምንድን ነው? አባትሽ ነው?»

ሌሞኒያ ጥግ ላይ ያለውን ባልዲ አሳየቻቸው። «ሳማ ነው። እማዬ የዘፈዘፈችው።»

የኪራ ስታማቲያ መሀረብ ቀስ ብሎ ወረደ።

የሌሞኒያ እናት ከሞተች አስራ ስምንት ቀን ሆኗታል። ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት በነበረው እሁድ፣ ጓንቷን አጥልቃ ከባቡር ሐዲዱ ዳር ሳማ አጭዳ መጥታ ነበር፤ በሶብላዎቹን ከተባይ ለመከላከል። አምስት ናቸው፣ በወይራ ዘይት ቆርቆሮ የተተከሉ። በየዓመቱ ለመስቀል በዓል ቤተ ክርስቲያን ትወስዳቸዋለች፤ ካህኑ እየቀነጠበ ለሰው ያድላል። በዓሉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ የቅጠሎቹ ሆድ ደግሞ አረንጓዴ ቅማል በመሰሉ ክሽክሾች ተሸፍኗል።

ሌሞኒያ ክሽክሾቹን ስታይ ምንም አልተሰማትም። በቀብሩም ቀን እንዲሁ ነበር።

ማታ አባቷ አንድ ጠርሙስ የተባይ መርዝ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ያን ባልዲ ድፊው በቃ። በዚህ ይረጫል።»

«እሺ አባዬ» አለች።

በማግስቱ ባልዲውን አነሳች። ግን ወደ ሽንት ቤት አልወሰደችውም፤ ግማሹን አንደኛው ቆርቆሮ ላይ ከላይ እስከ ታች አወረደችው። በሁለተኛው ቀን በሶብላው በሻይ የተነከረ ወረቀት መሰለ።

«ሌጣውን ደፋሽው እንዴ?» አሉ ኪራ ስታማቲያ። «አንድ ብርጭቆ ለአስር ብርጭቆ ውሃ ነው እኮ። እናትሽ ስትበጠብጥ አላየሽም?»

«አይቻለሁ፤ ግን ስልኬ ላይ ነበርኩ።»

«ጉድ ነሽ።» ቆርቆሮዎቹን በዓይናቸው ቆጠሩ። «አራቱ አሉ አይደል? የቀረው ለዛሬ ይበቃል። ክሽክሽ ግን ይመለሳል፤ ሳማው ሲያልቅ ምን ልታደርጊ ነው?»

ሌሞኒያ ብርጭቆ አመጣች። አንድ፣ ከዚያ አስር። በነጠላ ጨርቅ አጥልላ የውሃ መርጫው ውስጥ ጨመረችና ቅጠሎቹን እየገለበጠች ሆዳቸው ላይ ረጨች። ስትጨርስ ያልተረጨበት ጫፍ በመዳፏ ዳሰሰችና መዳፏን አሸተተች፤ አፍንጫን ቅጠሉ ላይ መድፋት በሶብላን ያደርቃል ትል ነበር እናቷ። የበሶብላው ሽታ መጣ። ቆየት አለችና እንደገና አሸተተች።

የመርዙን ጠርሙስ ሳትከፍተው አባቷ ጫማ አጠገብ አስቀመጠችው፤ ጠዋት ወደ ሱቅ እንዲመልሰው።

እሁድ ከመደርደሪያው ሥር የእናቷን ጓንት አውጥታ አጠለቀች። ልኳ ነበር። ባዶውን ባልዲ ይዛ ወደ ሐዲዱ ወረደች።