ያው ነው በላቸው

«ያው ነው በላቸው።»

«ያውማ አይደለም!»

ከግድግዳ ወዲያ የሰማው ይህን ብቻ ነበር። ያኔ ልጅ ነው፤ ግማሹን እንቅልፍ ወስዶበታል። በማግስቱ አባቱ እንደወጣ ቀረ። ከሁለቱ ድምፆች የአባቱ የትኛው እንደነበር እስከ ዛሬ አያውቅም።

አሁን ደግሞ በጠራራ ፀሐይ፣ መኪና ማጠቢያው በር ላይ፣ ሌላ ሰው ያንኑ ቃል ደገመው።

«ያው የባለፈው ፋይል ነው» አለ አጎት፣ ፋይሉ ያለበትን ፍላሽ እያቀበለው። አጎት የሥጋ ዘመዱ አይደለም፤ የስለላው ቢሮ የመደበለት አለቃው ነው። የተቀባዩ የምስጢር ስም ደግሞ ሸማኔ ነው።

«ከሞከርነው ምን ተለወጠ?»

«ምንም። ላከውና ገላግለን።»

ሸማኔ ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመለሰ። እዚያ የሚታወቀው በድረ ገጽ ሠራተኛነቱ ነው። ገጹ ቀያቸውን ጥለው የሸሹ ሰዎች የጠፋ ዘመድ የሚያፈላልጉበት ነው። ጅቡ የሚሉት ሰው ደግሞ እዚያው አድፍጧል። «እናትህን አግኝቻታለሁ» እያለ ሰውን ከመደበቂያው ይጠራል፤ የሄደ አይመለስም። የሸማኔ ተልእኮ ገጹ ውስጥ ወጥመድ መሸሸግ ነበር፦ ጅቡ ሲገባ ያለበትን ለዋናው ቢሮ የሚጠቁም።

ፍላሹን ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ ጥቁሩን መስኮት ከፈተ። ምስል የለበትም፤ በቃል ብቻ የሚታዘዝ መሣሪያ ነው። «ገንባ» ሲሉት የገጹን ጽሑፍ፣ ቀለምና ሥዕል ሰብስቦ ይቋጥራል። «ላክ» ሲሉት ለዓለም ያደርሳል። አንድ ጠባይ አለው፦ በየፋይሉ ስም ላይ ከይዘቱ የተቀመረ የቁጥር ጅራት ይቀጥላል። ነጥብ ብትጨመር እንኳ ጅራቱ ይለወጣል።

ገንባ።

የባለፈው ጅራት በሰባት ያልቅ ነበር። ይህኛው በዜሮ አለቀ።

ያው አይደለም።

ፋይሉን ከፍቶ መስመር በመስመር አነበበው። ወጥመዱ ተገልብጧል። የስደተኞቹን ሁሉ መደበቂያ ለቅሞ ለጅቡ ያቀብላል።

አጎት ሸጧቸዋል።

ስልኩ ተንቀጠቀጠ።

«ምነው ዘገየህ?»

«እየቋጠረ ነው።»

«ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ትታየኛለህ።»

አልዞረም።

ያስቀረውን የቀድሞ ፋይል መልሶ አስገባ። አጎት ያመጣውን ለዋናው ቢሮ ላከ። ገጹን ለመላክ ግን የሁለተኛ ሰው እሺታ ያሻል፤ የቤቱ ደንብ ነው። ሁለተኛዋ ሰው አጠገቡ የምትቀመጠው እትዬ መርፌ ናት። ምንም ስለማያመልጣት ነው መርፌ ያሏት።

«እትዬ፣ እሺ በይልኝ።»

«ይህችን መስመር ማን ጻፋት? አንተ እንዲህ አትጽፍም።»

«ከነገርኩሽ ከዚህ ወንበር እነሣለሁ።»

«ካልነገርከኝ እኔ ጣቴን አላነሣም።»

ነገራት። በሹክሹክታ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል።

«እኔ እኮ» አለች ትንፋሿን ውጣ፣ «ሁልጊዜ የምትጨነቀው ሆድህን ስለሚቆርጥህ ይመስለኝ ነበር።» ከንፈሯ ጸሎት የሚመስል ነገር አነበነበ። የእሺታውን ቁልፍ ተጫነች።

ተልኳል።

«ተላከ?» አጎት ነው፣ በስልክ።

«ተልኳል።»

«ያው ነው?»

ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

«ያው ነው።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ያን ሌሊት ሰማ። አባቱም «ያው ነው» ያለው፣ ሰው ለማትረፍ ቢሆንስ?

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጅቡ ገጹን ከፈተ፤ የዋናው ቢሮ ሰዎችም ባለበት ደርሰው ያዙት። አጎት ግን አመለጠ። መኪናው ብቻ፣ በሯ እንደተከፈተ፣ ማዶ ቆማ ተገኘች። የሸማኔን መልክ ያውቃል፤ አድራሻውን ያውቃል።

«ስሜን ከገጹ አጥፊው» አላት መርፌን፣ ኮቱን እያነሣ።

«አባትህን የምትፈልግበት ማስታወቂያስ? ፈላጊ ብለህ የጻፍከው ራስህን ነው።»

«አብሮ ይጥፋ። መልስ ቢመጣ ተቀባይ የለም።»

መርፌ ማስታወቂያውን ከፈተችው። እሱም በሩ ላይ ቆመ።

«እሺ» አለች። «ፈላጊ፣ ሴት ልጁ ብዬ በራሴ ስም እጽፋለሁ። እስኪገኝ እጠብቀዋለሁ።»

«ጅራቱ ይለወጣል፣ እትዬ።»

«ይለወጥ። አባትየው ያው ነው።»