ጠማማው ዝርዝር

«ስምንት?» አለች ሴላ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍታ። «ሂሳብ ከመቶ ስምንት? ተኝቼ ብፈተን እንኳ ስምንት አላመጣም።»

«ሰማንያ ሰባት ነው ያመጣሽው፤ ራሴ ነኝ ያረምኩት» አሉ ቲቸር ቴቪታ በወጉ መሠረት ከልብሳቸው በላይ የሚታጠቁትን የወገብ ሰሌን ጠበቅ እያደረጉ።

የውጤት ዝርዝሩ በዋናው ደሴት ማሽን ተነቦ ወደ ደሴታቸው ወደ ቫቫኡ ሲመለስ ይህ ሁለተኛው ነው። የሠላሳ አንድ ተማሪ ውጤት ተበላሽቷል። ሁሉም ስማቸው ውስጥ ያቺ ትንሽ ጭረት ያለችባቸው ናቸው፤ ድምፅ ጉሮሮ ላይ ቆም ብሎ የሚያልፍባት ምልክት። እስከ ምሳ ሰዓት ታርሞ ካልተላከ እንዳለ ይመዘገባል ተብሏል።

«ጭረቷን ከሁሉም ስም ላይ እናጥፋት» አሉ ቲቸር። «አምናም እንደዚያ ነው ያደረግነው።»

የሴላ የቤተሰብ ስም ቶኣ ነው፤ ጀግና ማለት። ጭረቷ ከተነሳች ግን ባሕር ዳር የሚበቅል ዛፍ ይሆናል።

«ዛፍ ብትሆኚስ?» አለች ጎኗ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ቪካ። «ቢያንስ ጥላ ትሰጪናለሽ። አጥፊውና እንውጣ፤ ራበኝ።»

«አንቺ ራስሽ ሁለት ጭረት አለሽ፣ ወይዘሪት ታኡፎኦው።»

«እኔማ ለምጄዋለሁ» አለች ቪካ። አሁን ግን አልሳቀችም።

«ቲቸር፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ ይስጡኝ» አለች ሴላ።

ዝርዝሩ ላይ ሁሉም ነገር የሚጀምርበት የራሱ አምድ አለው፤ ከመስመሩ መጀመሪያ የሚቆጠር የፊደል ቦታ ማለት ነው። ስም ከመጀመሪያው ይነሳል፤ ውጤት ከሠላሳ አንደኛው። ለዓይን ሁሉም እንደ ሰልፈኛ ተስተካክሎ ቆሟል። የምትጽፍበት ፕሮግራም የሚያሳየው የመስመር ቁጥር ብቻ ስለነበር ሴቲንጉን ከፍታ አራት መስመር ትእዛዝ ጨመረችበት። ጠቋሚው የቆመበት አምድ ቁጥር ከታች ብቅ አለ። ጠቋሚውን የራሷ ውጤት ላይ አቆመችው።

31።

«ልክ ነው እኮ» አለች ቪካ። «ተይው በቃ።»

ሴላ ጥፍሯን ነከሰች። ምናልባት ማሽኑ ጭረቷን እንደ ሰው አይቆጥራት ይሆን? ተመልሳ ሁለተኛ ቁጥር ጨመረች፤ ማሽኑ ራሱ የሚቆጥረውን።

31፣ 32።

ለዓይን አንድ ቦታ የምትይዘው ጭረት ለማሽኑ ሁለት ናት። ስለዚህ ከሠላሳ አንደኛው አምድ ጀምሮ ሁለት ቦታ ሲያነብ ያገኘው ባዶ ቦታና የ87ን 8 ነው፤ 7ቷ ውጭ ቀርታለች። ከስሟ ቀጥሎ ካለው ክፍተት አንድ ባዶ ቦታ አጠፋች። ውጤቷ ወደ ግራ ሸሸ፤ ሁለተኛው ቁጥር ግን 31 አለ። በሠላሳ አንዱም ተማሪዎች መስመር ላይ እንደዚሁ፣ እንደየጭረቱ ብዛት አደረገች።

ቲቸር መጥተው ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ምን የመሰለ ጠማማ ነገር ነው?»

«ለእርስዎ ነው የጠመመው፣ ቲቸር። ለማሽኑ ቀጥ ብሏል።»

ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አሳየቻቸው። ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ነበር። «ካልሠራ ሌላ ዕድል የለንም። ጭረት የሌለበትን እኔ አዘጋጅቻለሁ፤ እሱ አምናም ሠርቷል። ሁለቱም ፊትሽ ናቸው። የምታምኝበትን ላኪ።»

የሴላ እጅ ቆመ። የራሷ ውጤት ብቻ ቢሆን ዓይኗን አታሽም ነበር። የሌሎቹ ሠላሳ ልጆች ግን ሌላ ነው። ከላይ ጀምራ እንደገና አየች፦ 31፣ 31፣ 31።

«የእኔን አሳዪኝ» አለች ቪካ ቀስ ብላ።

«ይኸው። ከአንቺ ሁለት ባዶ ቦታ ነው ያጠፋሁት።»

ቪካ ስሟን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። ሁለቱም ጭረቶች ላይ በደንብ ቆም አለች፤ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ደግሞ።

ሴላ ‹የላኪ ስም› በሚለው ቦታ ላይ የትምህርት ቤቱን ስም ሰርዛ የራሷን ጻፈች። ከተሳሳተም የሚጠየቀው ይታወቅ። ከዚያ ጠማማውን ላከችው።