ዘይቷን የጠጣች መኪና

«ስንት ደረሰ?» ሲል ኪንቲኖ ከመኪናዋ ስር ሆኖ ጠየቀ።

ልጁ ዙልሚራ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ጠርጋ ከተተችና መልሳ አወጣችው። ጥቁሩ ዘይት የላይኛውን መስመር ሁለት ጣት ያህል አልፏል። «በዝቷል አባዬ» አለችው።

«ይሁን። እስከ ካቼዉ መንገዱ ይጠጣዋል።»

ዘይቱ የተገዛ አይደለም። በየጋራዡ ሰው ቀይሮ የሚደፋውን ለምኖ ይሰበስብና በተቀደደ አጎበር ያጠለዋል። በማግስቱ እንደ አገሩ ወግ ለሟች እናታቸው የተዝካር ከበሮ ሊያስመቱ ካቼዉ ከተማ የሚሄዱ ወንድማማቾች ተሳፋሪዎቹ ነበሩ። መንገድ ላይ እንዳያልቅበት ብሎ እስከ አንገቷ ሞላት።

ሰማያዊዋ ባለ ናፍጣ ታክሲ በዕድሜ ዙልሚራን ትበልጣለች። ከኪንቲኖ በቀር ማንም መካኒክ ነክቷት አያውቅም። የባንዲም ሰፈር ሰዎች ኪንቲኖ ሁለት ሚስት አለው፣ አንዷ ዓሣ ትሸጣለች፣ ሌላዋ ዘይት ትጠጣለች እያሉ ይቀልዱበታል። ዓሣ የምትሸጠው የዙልሚራ እናት ሴጉንዳ ግን በዚህ ቀልድ ስቃ አታውቅም።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ የኪንቲኖ ዓይን ደከመ። የሆነ ነጭ ነገር ሸፈነውና ሲመሻሽ ጉድጓዱን ከፍየል መለየት አቃተው። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት እራት ላይ፣ ተርሙ ሲያልቅ ዙልሚራ ትምህርቷን ትታ ከጎኑ እንደምትቀመጥ ተናገረ። እሷ ታያለች፣ እሱ ይነዳል። «ትምህርቱ የትም አይሄድም» አላት። ዙልሚራ ከሰፈሯ ልጆች መካከል አቋርጦ የተመለሰ አንድም አታውቅም። ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ በሒሳብ የሚቀድማት የለም። ያን ሌሊት ትራሷን ነክሳ አለቀሰች፤ አባቷን ግን አንዲት ቃል አልተናገረችውም።

ኪንቲኖ ከስር ወጥቶ እጁን ጠረገና ጋቢና ገባ። በሩን ዘጋችለት፤ የሾፌሩ በር ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም። ፍሬኑን ሲሠራ ስለዋለ የኋላ ጎማዎቹ ተፈትተዋል፤ መኪናዋም በድንጋይ ላይ ተደግፋ ቆማለች። የአየር ማጣሪያውም ሊጸዳ ወጥቶ የሞተሩ አፍ ክፍት ነበር።

ሞተሩ እንደ ወትሮው እያሳለ ተነሳ። ኪንቲኖ ነዳጅ ሰጠው። ከዚያ እግሩን አነሳ፤ ድምፁ ግን አልወረደም፤ እንዲያውም ከፍ አለ። ቁልፉን አጠፋ። ሞተሩ አልጠፋም። ናፍጣውን ትቶ የራሱን ዘይት ማቃጠል ጀምሮ ነበር። ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው፤ ዶሮዎቹ ወደ አጥሩ ሸሹ።

«አፏን ድፈኚ!» ሲል ኪንቲኖ ከውስጥ ጮኸ። «ጣውላውን! ዙልሚራ!»

ይህን ነገር ታውቀዋለች። ያረጀ የናፍጣ ሞተር አንዴ ዘይቱን መጠጣት ከጀመረ ቁልፍ አይሰማም፤ መድኃኒቱ ትንፋሽ መከልከል ብቻ ነው። አባቷ ለዚሁ ብሎ በልኩ የቆረጠው ጣውላ ኮፈኑ ስር ይቀመጣል። አነሳችው። የሞተሩ አፍ ከፊቷ አየር እየሳበ ነበር፤ እጇን ብትዘረጋ ይደርሳል።

አልዘረጋችም። ጣውላውን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች። ፈርታ አይደለም። ሞተሩ ይሙት ብላ ነው። ዛሬ ከሞተ ነገ ከጎኑ የምትቀመጥበት ወንበር አይኖርም አለች በልቧ።

ኪንቲኖ በመስኮቱ እየተጎተተ ወጣ፤ እግሩ ተያዘበት፣ ወደቀ፣ ተነሳ። ሊደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ከሞተሩ ውስጥ ብረት ከብረት ተላተመ። ከዚያ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ።

እስኪቆጣት ጠበቀች። እሱ ግን መጥቶ እጆቿን አንድ በአንድ አገላበጠና ደህና መሆናቸውን አየ።

«እንኳንም አልቀረብሽ» አላት። «ጣትሽን ትውጠው ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ በዝቷል ብለሽኝ ነበር።»

ቢመታት ይሻላት ነበር።

ማታ እናቷ የሆነውን ስትሰማ እሰይ አላለችም፤ ግን ዓሣውን ስትጠብስ ፊቷ ቀለል ብሎ ታየ። ዙልሚራ ምናልባት ዓይኑ በማያይ ሰው መኪና ገደል ሊገቡ የነበሩትን ወንድማማቾች አትርፌ ይሆናል ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች። ግን ያኔ ስለ እነሱ እንዳላሰበች ራሷ ታውቃለች።

ጠዋት ወንድማማቾቹ መጡና ይቅርታውን ሰምተው ሌላ መኪና ፍለጋ ሄዱ። እናቷ ወደ ገበያ ወጣች። ዙልሚራ ነጭ የትምህርት ቤት ጋዋኗን ለብሳ ስትወጣ አባቷን መኪናዋ ላይ ጎንብሶ አገኘችው። ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ በዳበሳ ሲፈታ ኖሯል፤ ሞተሩን ከላይ የሚከድነው የቴስታታ ብረት ቡሎኖች በሙሉ ወልቀው ጆንያ ላይ ተደርድረዋል። አሁን ያን ከባድ ብረት ለብቻው ሊያነሳ እየታገለ ነው። በፊት ሲጠራቸው የሚሮጡ ጎረቤቶች ዛሬ ድምፁን እየሰሙ አልመጡም። በዚች መኪና ሁሉም ታክቶታል።

«ሂጂ፣ ይረፍድብሻል» አላት ቀና ሳይል። «ከእንግዲህ ትማሪያለሽ። እኔ ቀስ ብዬ እሠራታለሁ።»

የፈለገችው ይህንኑ ነበር፤ አሁን ግን ደስታ የሚባል ነገር ውስጧ አልነበረም። በሩ ጋ ደርሳ ብረቱ ተንሸራቶ ሲመለስ፣ አባቷም ሲያቃስት ሰማች። ጋዋኗን አውልቃ አጥሩ ላይ ሰቀለችና ብረቱን በወዲያኛው ጫፍ ያዘችለት። አንድ ላይ አንስተው መሬት ላይ አጋደሙት።

ወደ ውስጥ አየች። ሦስተኛው ፒስተን አናቱ ተሰባብሯል። ሲሊንደሩ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ስንጥቁ ጥፍር ያስገባል። ይህ የሚጠገን ነገር አይደለም፤ ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያሻም።

ኪንቲኖ ፊቱን ቢያስጠጋም አላየም። ጣቶቹን በአንደኛው፣ ቀጥሎም በሁለተኛው ሲሊንደር ግድግዳ ላይ አሳለፈ። ወደ ሦስተኛው ሲሄድ ዙልሚራ እጁን ያዘችውና ወደ አራተኛው ወሰደችው። አራተኛው ለስላሳ ነበር።

«ደህና ነው» አለ እየዳሰሰ። ዕድሜ ልኩን ስለ መኪናዋ ሰው ይጠይቀዋል እንጂ እሱ ማንንም ጠይቆ አያውቅም። «አንቺ እንዴት አየሽው? ይጠገናል?»

ፊቱን አየች። ጢሙ ላይ ዘይት ነበር፤ የተሸፈኑት ዓይኖቹ እሷን ፍለጋ ትንሽ ወደ ጎን አልፈው ያያሉ። ተማሪዎች በአጥሩ ማዶ እየተሳሳቁ አለፉ።

«ይጠገናል» አለችው።

ነጭ ጋዝ ያለበትን ጣሳ አምጥታ ከጎኑ ተቀመጠች፤ ቡሎኖቹንም አንድ በአንድ ታጥብለት ጀመር።