የክሬኑ ሹፌር ያሰረው ቋጠሮ

አባቷ ዛፍ ቆራጭ ነው፤ ሌላ ሰው ያሰረውን ገመድ አያምንም። እሷ ያሰረችውን እንኳ ፈትቶ እንደገና ያስራል። እንዲህ ያለ ሰው ልጁ የክሬን ሹፌር መውደዷን ሲሰማ ምን ያድርግ? በጠዋቱ፣ በሰው ግቢ፣ ሹፌሩን አፉን በቡጢ አለው።

«ብረት ጎታች! ሥራዬን ወሰድክ፣ አሁን ደግሞ ልጄን?» ወደ እሷ ዞረ። «አንቺም ከእሱ ጋር ከሄድሽ ልጄ አይደለሽም!»

ሹፌሩ ደሙን ተፋ። እጁን አላነሳም። እሷን አየት አድርጎ ክሬኑ ላይ ወጣ። ከሁለቱ አንዱን ልታጣ ነው።

የግቢው ቤት ላይ ያዘመመውን ግዙፍ ዛፍ አባቷ ወጥቶ ሊቆርጥ፣ ክሬኑ ደግሞ የተቆረጠውን ሊያነሳ ነው የተቀጠሩት። አባቷ ግን ክሬኑን ስላላመነ ከክሬኑ መንጠቆ በተጨማሪ የራሱን ገመድ ግንዱ ላይ አሰረ። ገመዱ በአጠገቡ ባለው ዛፍ ባላ ላይ አልፎ፣ በዚያው ዛፍ ሥር ተጠምጥሞ፣ ጫፉ እሷ እጅ ገባ።

«ጋሼ፣ ከዚያ ቅርንጫፍ በታች እንዳይቆርጡ! ክሬኑ አይችለውም!» አለ ሹፌሩ።

«አንተ ነህ ደግሞ የምታስተምረኝ?»

አባቷ መጋዙን ከቅርንጫፉ በታች ሰካው። እልህ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!

ግንዱ ጓ ብሎ ተገነጠለ። ክሬኑ ተንገዳገደ፤ የኋላ እግሩ ከመሬት ተነሳ። ግንዱ ከአባቷ አናት በላይ ተወዛወዘ።

«ዝለል! ከክሬኑ ውረድ!» ብላ ወደ ሹፌሩ ጮኸች።

ሹፌሩ ንቅንቅ አላለም። እሱ ክሬኑን ከለቀቀ አባቷ መጨፍለቁ ነው።

ገመዱ መዳፏን ልጦ ሮጠ። እግሯን ተክላ ያዘችው። ደሟ ገመዱን አቀላው።

«ይዤዋለሁ! ቀስ አድርገህ አውርድ!»

እሱ ሲያወርድ እሷ ስትለቅ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ግንዱን መሬት አሳረፉት። ክሬኑ ዱብ ብሎ በእግሩ ቆመ።

አባቷ ከዛፉ ወርዶ በቀጥታ ወደ ሹፌሩ ሄደ።

«ለምን አልዘለልክም?»

«እርስዎ እዚያ ሆነው እንዴት ልዝለል?»

ሹፌሩ ከክሬኑ ወርዶ፣ ሸሚዙን ቀዶ መዳፏን ጠቀለለላት። ተቻኩሎ ስላሰረው ቋጠሮው ጠማማ ሆነ።

«ያምሻል?»

«ያንተ አፍ ይብሳል» አለች እንባዋ እየወረደ። «እወድሃለሁ፣ አንተ እብድ!»

አባቷ መጥቶ እጇን ያዘ። ጠማማውን ቋጠሮ አገላብጦ አየው። ይፈታዋል ብላ ጠበቀች። ጣቶቹ ጫፉን ነኩት።

«ደህና ይዟል» አለና ፊቱን አዞረ።