አራተኛው ካቢን

ፀሎት የአራተኛውን ካቢን በር ከፍታ አንገቷን ስታስገባ ምንም አልሸተታትም።

ይህ ካቢን ሁልጊዜም ከሌሎቹ ይሻል ነበር፤ ዛሬ ግን ግራ ገባት። አሁን አጥባ የጨረሰቻቸው ሦስቱ የወንዶች ካቢኖች ዓይን ያስለቅሱ ነበር። ማስኳን ወደ አገጯ ዝቅ አድርጋ ወለሉን አየች። አንድም የጭቃ ዱካ የለም። ባለፈው ቅዳሜ የሰቀለችው ሶፍት ምንም ያህል አልቀነሰም። የመቀመጫውን ክዳን አነሳች። ያኔ የጨመረችው የሽታ ማጥፊያ መድኃኒት ዛሬም ሰማያዊ ነው። ሰው ሲጠቀምበት የሰነበተ ካቢን ውስጥ ያ ቀለም ሁለት ቀን እንኳ አይቆይም።

«አባዬ፣ የሴቶቹ ካቢን ውስጥ እኮ የሚመጠጥ ነገር የለም!»

አባቷ በድሉ ከመምጠጫው መኪና ጎን ቆሞ ወፍራሙን ቱቦ እያላቀቀ ነበር።

«ታዲያ ምን ከፋሽ? ሥራ ቀለለልን» አላት ሳይዞር። «እጠቢውና ቅጹን ሙይ። ካቶር ሠፈር ሌላ አምስት ካቢን ይጠብቀናል።»

በድሉ ጁባ ውስጥ ለግንባታ ቦታዎች ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ቤት ያከራያል። ሃያ ሁለት የፕላስቲክ ካቢኖችና አንድ ያረጀ መምጠጫ መኪና አለው። በየሳምንቱ ከሠፈር ሠፈር እየዞረ ይመጥጣል፣ ያጥባል፣ መድኃኒትና ሶፍት ይሞላል። ቅዳሜ ረዳቱ ስለሚያርፍ አብራው የምትወጣው የአሥራ አምስት ዓመቷ ፀሎት ናት። የሥራ ቅጹ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የምትሞላውም እሷ ነች።

ትምህርት ቤት ግን ይህን ማንም አያውቅም። «አባትሽ ምን ይሠራል?» ሲሏት «ውሃ ላይ ነው» ትላለች። በድሉ መጀመሪያ ጁባ ሲመጣ የውሃ ቦቴ ይነዳ ነበርና ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ቢያንስ ራሷን የምታጽናናው እንደዚያ እያለች ነው።

ካቢኑን አጥባ ስትወጣ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ጄሪካን ይዛ መኪናው አጠገብ ቆማ ነበር። ጉዴሌ ሠፈር ውስጥ በሚሠራው በዚህ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ውሃና አሸዋ የሚያመላልሱ አሥራ አራት ሴቶች አሉ። ይህችን ከሌሎቹ ለይታ ታውቃታለች። ኛቦል ትባላለች። ጋምቤላ ስላደገች አማርኛ ትናገራለች። የዛሬዋ ኛቦል ግን ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ነይ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አለኝ» አለቻት ፀሎት ጠርሙሷን እየዘረጋች።

ኛቦል ራሷን ነቀነቀች። «ለሲሚንቶው ነው የፈለግኩት። እኔ ማታ ቤቴ ስገባ ነው የምጠጣው።»

«በዚህ ሙቀት?»

«ከጠጣሁ ሽንቴ ይመጣል።»

ፀሎት ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። የኛቦልን ፊት ስታይ ግን ተወችው። «ይኸው እኮ ካቢኑ!» አለቻት በእጇ እያሳየች። «ንጹሕ ነው፤ አሁን አጥቤው ነው የወጣሁት።»

«እሱማ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ፎርማኑ ያሕያ ይቆልፈዋል። የእናንተ መኪና ሲመጣ ይከፍተዋል፤ ስትጨርሱ መልሶ ይቆልፈዋል።» ኛቦል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ድሮ ከአጥሩ ጀርባ ረጅም ሣር ነበር። አሁን እዚያም ቤት ሊሠሩ አጠሩት። ባለፈው ሳምንት አንዷ ልጅ አሸዋ እንደተሸከመች ራሷን ስታ ወደቀች። በወር አበባችን ቀን ደግሞ ጭራሽ አንመጣም፤ ያልመጣ የዚያን ቀን አይከፈለውም።»

ኛቦል ጄሪካኗን መኪናው ላይ ካለው የማጠቢያ ውሃ ታንከር ሞልታ ሄደች። ወዲያው የቦታው ፎርማን ያሕያ ከጥላው ተነስቶ መጣ። የሴቶቹን ካቢን ዘጋና ጓጉንቸሩን አጠለቀበት። «ኩሉ ታማም?» ብሎ ሁሉም ደህና እንደሆነ በጁባ ዓረብኛ ጠየቃትና መልሷን ሳይጠብቅ ሄደ። ጓጉንቸሩን ፀሎት ከዚህ በፊትም አይታዋለች። ማታ ማታ የሚዘጋበት ነበር የመሰላት።

ኪሷ ውስጥ ያለውን ቅጽ አወጣች። ሰባተኛው መስመር «የሴቶች መጸዳጃ አገልግሎት እየሰጠ ነው» ይላል፤ ከጎኑ «አዎ» እና «አይ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። ስድስት ሳምንት ሙሉ «አዎ» ላይ ምልክት ያደረገችው እሷ ናት። ማንንም ሳትጠይቅ።

ኛቦል የነገረቻትን ለአባቷ ስትነግረው ጓንቱን እያወለቀ አዳመጣት።

«ይሄ ጥሩ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ግን ፀልዬ፣ ቁልፉ የኛ አይደለም። የኛ ሥራ ማጽዳት ነው። ከያሕያ ጋር ከተጣላን በሚቀጥለው ሳምንት የሌላ ሰው ካቢን ነው እዚህ የሚቆመው።»

«እና ‹አዎ› ብዬ ልሙላው?»

በድሉ ዞር ብሎ የቱቦውን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመረ።

በዚያው ቅጽበት ነጭ ላንድክሩዘር በአቧራ ተከቦ በበሩ ገባ። የግንባታውን ሥራ የምትቆጣጠረው ኢንጂነር መቅደላዊት ናት። ፀሎት ከዚህ ቀደም እዚህ አግኝታት አታውቅም። አብራት የወረደችውን ልጅ ግን ገና የመኪናው በር ሲከፈት ለየቻት። ሮዳስ! የክፍሏ ልጅ፣ በየቀኑ አንድ ዴስክ ላይ አብራት የምትቀመጠው ሮዳስ።

ፀሎት ሳታስበው ከመምጠጫው መኪና ኋላ ገባች። የላስቲክ ቡትስና ሄልሜት አድርጋለች። ቱታዋ ደረቱ ላይ በሰማያዊው መድኃኒት ተበክሏል። ትንሽ ብትታገሥ ሮዳስ ተመልሳ መኪናው ውስጥ ትገባለች፤ አባቷ ሞተር ያስነሳል፤ ነገሩ እዚሁ ያበቃል።

ሮዳስ ለእናቷ ለኢንጂነሯ አንድ ነገር ሹክ አለቻት። ኢንጂነሯ ፈገግ ብላ ወደ ያሕያ ዞረች፣ ያሕያም ቁልፉን ከቀበቶው ፈትቶ ለሮዳስ ሰጣት። ሮዳስ እየተቻኮለች የሴቶቹን ካቢን ከፍታ ገባች።

ኛቦል አሸዋ የሞላ ሳፋ ተሸክማ ስታልፍ ነበር። ቆመች። አንገቷ ከሸክሙ በታች ቀጥ እንዳለ በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ ትኩር ብላ አየችው። አልተናደደችም፤ የለመደችው ነገር ነው የሚመስለው። ከመኪናው ኋላ የተደበቀችው ፀሎት ያንን ፊት ካየች በኋላ እዚያ መቆም ከበዳት።

ሮዳስ ወጥታ ጓጉንቸሩን ለመቆለፍ ጎንበስ አለች።

«ሮዲ፣ አትቆልፊው።»

ሮዳስ ቀና አለች። ከቡትሱ እስከ ሄልሜቱ አየቻት። «እንዴ! ፀሎት? አንቺ ነሽ? ምንድነው የለበስሽው?»

‹አባቴ ውሃ ሊያደርስ መጥቶ ነው› የሚለው ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። እንኳን ለሮዳስ፣ ለማንም የሚበቃ መልስ ነው።

«የሥራ ልብስ ነው» አለች። «ይሄ የአባቴ ሥራ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔም አጥባለሁ። አሁን የገባሽበትን ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

«ውሃ ላይ ነው አላልሽም?»

«ዋሽቼሽ ነው። ለእሱ በኋላ ትሰድቢኛለሽ። ይሄ ካቢን ለሴት ሠራተኞቹ ነው የቆመው፤ አንድ ቀንም ገብተውበት አያውቁም። ቁልፉ የሚሰጠው ለእንግዳ ብቻ ነው።»

ሮዳስ ወደ ኛቦል ዞረች። «እና እናንተ የት ነው የምትሄዱት?»

«አንሄድም» አለች ኛቦል።

ሮዳስ እጇ ውስጥ ያለውን ቁልፍ አየችው። ከዚያ እዚያው ቆማ «ማሚ! ማሚ፣ አንዴ ነይ!» ብላ ጮኸች።

ኢንጂነር መቅደላዊት መጣች፤ ያሕያና በድሉም ተከተሏት። ፀሎት እየተንተባተበችም ቢሆን ሁሉንም ነገረቻት። ስለማይጠጣው ውሃ፣ ስለወደቀችው ልጅ፣ በወር አበባ ስለሚቀሩበት ቀን። የመጨረሻውን ስትናገር የአባቷን ዓይን ማየት አልቻለችም።

ያሕያ እጁን እያወናጨፈ በዓረብኛ መለሰ። ወንዶቹ ገብተው እንደሚያበላሹት፣ ሲቆሽሽ ደግሞ ተጠያቂው እሱ እንደሆነ፣ ኢንጂነሯ ስትመጣ ንጹሕ ሆኖ እንዲቆያት ብሎ እንደቆለፈው ተናገረ። የሚዋሽ አይመስልም ነበር። እሱ እንዲያውም ጥሩ የሠራ ነው የመሰለው።

«በመጣሁ ቁጥር እገባበታለሁ» አለች ኢንጂነሯ ቀስ ብላ። «‹የሴቶቹ መጸዳጃ እንከን የለውም› ብዬ ሪፖርት ጽፌያለሁ።»

«እኔም ጽፌያለሁ» አለች ፀሎት። «ስድስት ጊዜ።»

ፀሎት አባቷ ይቅርታ መጠየቅ የሚጀምር መሰላት። በድሉ ግን እጁን በጨርቅ ጠርጎ አንድ እርምጃ ቀረበ።

«ኢንጂነር፣ ሽንት ቤት ይቆሽሻል» አለ። «እኛ ያለነው ለዚያ ነው። ከቆሸሸ በሳምንት ሁለቴ እንመጣለን። ወንዶቹ እንዳይገቡበት ደግሞ ራቅ አድርጌ፣ ከሴቶቹ ማረፊያ ጎን አቆመዋለሁ። አሁኑኑ።»

«በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ አለው?»

«አለው።»

«እንግዲያው ይሄ አያስፈልግም።» ኢንጂነሯ ጓጉንቸሩን ከሮዳስ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ያሕያ አንገቱን ደፋ። ኛቦል ሳፋዋን አውርዳ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ተጣራች። መጀመሪያ አንዲት ሴት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ሌሎቹም አቧራቸውን እያራገፉ ወረዱ።

ካቢኑን አንስቶ ማቆሙ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ጨርሰው መኪናው ውስጥ ሲገቡ ፀሎት ቅጹን ጭኗ ላይ ዘረጋች። ሰባተኛው መስመር ላይ «አይ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገች፤ ከሥሩ «እስከ ዛሬ ተቆልፎ ነበር» ብላ ጻፈች። በድሉ አጮልቆ አየውና ሞተሩን አስነሳ።

ወደ ካቶር የሚወስደው መንገድ ቦዳቦዳ በሚባሉት የኪራይ ሞተር ሳይክሎች ተጨናንቆ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ስልኳ ጮኸ። ሮዳስ ናት።

«በጣም ነው ያናደድሽኝ። እኔ ላይም ትዋሺያለሽ?»

ፀሎት ምን እንደምትመልስ ስታስብ ሌላ መልእክት ገባ።

«ክፍል ውስጥ ለእነ አቤኒ ግን ምንም አልልም። ከፈለግሽ ‹ውሃ ላይ ነው› ማለታችንን እንቀጥላለን።»

ደጋግማ አነበበችው። ሮዳስ ከልቧ ነው፤ ዝም ካለች ዝም ትላለች። ሰኞ ሁሉም እንደነበረው ይሆናል። ከጎኗ አባቷ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጎ ከፊቱ ለተደነቀረው ቦዳቦዳ በእጁ መንገድ እየሰጠ ነው። እጁ በመድኃኒቱ ብዛት እስከ ክርኑ ድረስ ተላልጧል።

«አመሰግናለሁ» ብላ ጻፈች። ቆየት አለችና ጨመረች። «ሰኞ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። ይቅርታ ሮዲ።»

መኪናው ካቶር ደርሶ ቆመ። ፀሎት ስልኩን ኪሷ ከትታ ጓንቷን አጠለቀች። ከዚያ ከአባቷ ቀድማ ወረደች።