የሹፌሩ ቅያሪ ሱሪ

ሚስትየዋ «ባሌን የገደለችው ነርሷ ናት፤ የተቅማጥ ማቆሚያውን ካፕሱል ጨምር ብላዋለች» ትላለች። ነርሷ ደግሞ «የልብ ምቱ ስለተዛባ ጭራሽ እንዲያቆም ነግሬዋለሁ» ትላለች። የአስከሬን ምርመራው ያረጋገጠው አንድ ነገር ነው፤ ካፕሱሉ በዝቶበት ልቡ ቆመ። የአውቶብስ ሹፌር የነበረው ባልየው ተሳፋሪዎቹን አራግፎ፣ መናኸሪያው ውስጥ መሪው ላይ እንደተደፋ ተገኘ።

የአንጀት ካንሰሩን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ወዲህ ሰገራው አልታዘዝ ብሎት ነበር። በከተማው እንዲህ ያሉ ሕሙማንን የምትከታተለው ይህች ነርስ ብቻ ናት። ክሱ ከጸና ክፍሏ ይታሸጋል፤ በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቁትም መሄጃ የላቸውም።

ጉዳዩን የያዘችው የፖሊስ መርማሪ አውቶብሱን ፈተሸች። ከሹፌሩ ወንበር ሥር ባለው ቦርሳ ቅያሪ ሱሪና የአዋቂ ዳይፐር አገኘች። አጠገቡ የነበረውን የሻይ ፔርሙዝ ገለበጠችው፤ ከሻዩ አተላ ጋር ነጭ ዱቄት ወረደ።

«ወንድምህ የሞተ ዕለት እንዴት ዋለ?» ስትል ረዳቱን ጠየቀችው። የሟች ታናሽ ነው፤ የሚኖረውም እነሱ ቤት ነው።

«ደህና ነዋ! አንዴም ሽንት ቤት ብሎ አላቆመም። ባለፈው እኮ ወንበሩ ላይ አምልጦት፣ ተሳፋሪው አፍንጫውን ይዞ ሳቀበት። የአውቶብሱ ጌታም ‹ከደገመው ሁለታችሁንም አባርራለሁ› አለን።»

መርማሪዋ ሚስትየዋን፣ ረዳቱንና ነርሷን በነርሷ ክፍል ሰበሰበች።

«ካፕሱሉን ሲውጥ በዓይንዎ አይተዋል?» አለቻት ሚስትየዋን።

«እኔማ አላየሁም። ነርሷ ጨምር ብላዋለች ያለኝ ይሄ ነው» አለች ወደ ረዳቱ እያመለከተች።

«ሻዩንስ?»

«እኔ አፈላሁ። ከዚያው ፔርሙዝ ለልጆቹም ቀዳሁና ለዚሁ ለወንድሙ ሰጠሁት፤ ለባሌ ያደረሰለት እሱ ነው።»

«ልጆቹ ደህና ናቸው። ስለዚህ ዱቄቱ የገባው መንገድ ላይ ነው። ሟች ራሱ ቢፈልግ በውኃ ይውጠው ነበር እንጂ ካፕሱል ሰብሮ ሻይ ውስጥ አይበትንም። ደግሞም በካፕሱሉ የሚተማመን ሰው ቅያሪ ሱሪ አይዝም። መድኃኒቱን ትቶ፣ ካመለጠኝም እቀይራለሁ ብሎ ነው የወጣው። ፔርሙዙን የያዝከው አንተ ነህ።»

ረዳቱ ጮኸ። «የሆድ መድኃኒት ነው ብዬ! ቤት የተረፈውን ካፕሱል ሁሉ... አንድ ቀን እንኳ ሳይስቁበት ይዋል ብዬ እኮ ነው!»

«አብረኸው ብትመጣ እነግርህ ነበር» አለች ነርሷ።

«እንዳትከተለኝ ይለኝ ነበር፤ ያፍራል። ስጠይቅሽ ብትከለክይኝስ ብዬ... ለእትዬም ዋሸሁ።»

ሚስትየዋ ወደ ነርሷ ዞረች።

«ዘመዱን ሁሉ ጨጓራውን ነው እያልን ሸነገልነው» አለች። «ክሱን አነሳለሁ፣ ሲስተር። ለለቀስተኛውም በምን እንደተሰቃየና በማን እጅ እንደሞተ እኔው ቆሜ እናገራለሁ።»